ለጭንቀት የተሰጠኝ መድኃኒት ሆዴን ለምን ነካው? ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥ ምን ይሰራል?

ናርዶስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ። በቅርቡ ሐኪም ለጭንቀት ሰርትራሊን አዘዘልኝ፣ ሴሮቶኒን እንዲበዛ ያደርግልሻል ብሎ አስረዳኝ፣ እሺ ብዬ ጀመርኩ። ግን ጭንቀቱ ገና ንቅንቅ ሳይል ሆዴ ተረበሸ። ከዋጥኩት ትንሽ ቆይቶ ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴ ይጮሃል፣ ከዛ ያስቀምጠኛል። በሌላ በኩል እናቴ ኬሞ እየወሰደች ነው፣ ለማስመለሱ ኦንዳንሴትሮን ሰጥተዋታል፣ ማስመለሱን እግዚአብሔር ይመስገን ጸጥ አድርጎላታል ግን ሆዷ ድርቅ ብሎ በጣም ተቸግራለች።

የሁለታችንን መድኃኒት ማብራሪያ ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ ሁለቱም ላይ ሴሮቶኒን የሚል አለ። የኔው ሴሮቶኒን ያበዛል፣ የሷ የሴሮቶኒን ሪሴፕተር፣ መልእክቱን የሚቀበለውን ማለት ነው፣ ይዘጋል። እኔን አስቀመጠኝ እሷን አደረቃት። እኔ እኮ ሴሮቶኒንን የማውቀው የደስታ ሆርሞን ሲባል ነው እንጂ ከአንጀት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላውቅም። እንዲያውም ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው የሚል አንብቤ ጭራሽ ግራ ገባኝ። እንደዛ ከሆነ ሆድን ማከም ጭንቀትን ማከም ነው ማለት ነው? ሪሴፕተሮቹስ 3፣ 4 እየተባሉ ቁጥር የሚሰጣቸው ለምንድን ነው? ደግሞ ማቅለሽለሹ ሲብስብኝ ከእናቴ ኪኒን አንዷን ብውጥስ እያልኩ ነው። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል፣ ቢረዝምም አነበዋለሁ።

ፋርማሲስት_ሄ፦

ናርዶስዬ ከመጨረሻው ልጀምር፣ የእናትሽን ኪኒን እንዳትነኪ። ኦንዳንሴትሮን የልብ ምት ላይ ኪውቲ የሚባለውን ልኬት ሊያረዝም ይችላል፣ ሰርትራሊንም በመጠኑ እዛው ቦታ ላይ ይነካል። ሁለቱ አንድ ላይ በጭራሽ አይሰጡም ማለቴ አይደለም፣ ይሰጣሉ፣ ግን ሐኪሙ የልብሽን ሁኔታ፣ የፖታሲየምሽን መጠን፣ ሌላ የምትወስጂው ነገር ካለ አይቶ ነው የሚወስነው። በተለይ አሁን እያስቀመጠሽ ስለሆነ ፖታሲየምሽ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ የልብ ምት መዛባቱን አደጋ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ለሐኪምሽ ደውዪ እንጂ ራስሽ አትቀላቅዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያነበብሽው ትክክል ነው፣ ሰውነት ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን ከ90 በመቶ በላዩ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። የሚሰሩት የአንጀት ግድግዳ የውስጠኛው ሽፋን ላይ ተበታትነው የተቀመጡ ኤንተሮክሮማፊን የሚባሉ ሴሎች ናቸው፣ ከሽፋኑ ሴሎች መሀል ከ1 በመቶ እንኳ አይሞሉም ግን የሰውነትን አብዛኛውን ሴሮቶኒን እነሱ ናቸው የሚያመርቱት። ጥሬ እቃቸው ከምንበላው ፕሮቲን የሚገኝ ትሪፕቶፋን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው።

ሴሮቶኒን ከወጣ በኋላ ስራውን ሰርቶ መነሳት አለበት፣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ነርቮቹ አጠገብ እንደወጣ የአንጀት ሽፋን ሴሎች ሰርት በሚባል አጓጓዥ ፕሮቲን ወደ ውስጣቸው ስበው ይከቱታል፣ ከዛ ይሰባብሩታል። ይሄ ሰርት የሚባለው አጓጓዥ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ራሱ ነው፣ የተለየ የአንጀት ዓይነት የለውም። አንቺ የምትወስጂው መድኃኒት የሚዘጋው እሱን ነው። ኪኒኑ ደግሞ ጭንቅላት ጋ ብቻ ሂድ ተብሎ አይላክም፣ በደም አማካኝነት ሁሉም ጋ ይደርሳል፣ እንዲያውም በአፍሽ ስለምትወስጂው ከጭንቅላትሽ በፊት አንጀትሽ ነው የሚያገኘው። አንጀት ውስጥ አጓጓዡ ሲዘጋ ሴሮቶኒኑ ሳይነሳ ይቆያል፣ ነርቮቹን ደጋግሞ ይነካካል፣ ማቅለሽለሹም ማስቀመጡም ከዛ ይመጣል።

ብዙ ሰው ላይ ይሄ ነገር በመጀመሪያዎቹ 1 እና 2 ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፣ ሪሴፕተሮቹ ከበዛው ሴሮቶኒን ጋር ስለሚለማመዱ። ምግብ በልተሽ ውሰጂው፣ ማቅለሽለሹ ላይ ይረዳል። ለአንዳንድ ሰው ሐኪሙ በዝቅተኛ መጠን አስጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምርለታል። በድንገት ግን እንዳታቆሚው፣ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፣ ማቆም ካለብሽም በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው።

ሌላ ሳልነግርሽ የማላልፈው፦ ለህመም እንደ አይቡፕሮፌን ያሉትን ከሰርትራሊን ጋር አታዘውትሪ። ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ሴሎች ሴሮቶኒን ራሳቸው መስራት አይችሉም፣ ደሙ አንጀት ጋ ሲያልፍ ነው በዚሁ በሰርት ለቅመው የሚያጠራቅሙት፣ ደም ለማርጋትም ይጠቀሙበታል። ሰርት ሲዘጋ ፕሌትሌቶቹ ባዷቸውን ይቀራሉ፣ በላዩ ላይ ጨጓራ የሚልጥ መድኃኒት ሲጨመር የመድማት አደጋው ከፍ ይላል። ሰገራሽ ጥቁር ከሆነ ወይም ደም ካየሽ የዛኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ።

የፊዚዮሎጂ_ሰው፦

ከላይ ያለው መልስ ጥሩ ነው፣ እኔ ስለ ሪሴፕተሮቹ ልጨምር፣ ምክንያቱም የናርዶስና የእናቷ ልዩነት የሚገባን እዛ ጋ ነው።

መጀመሪያ ግን የደስታ ሆርሞን የሚለው ስም እንዴት እንዳሳሳተን ለማየት ታሪኩን ማወቅ ደስ ይላል። ሴሮቶኒን መጀመሪያ የተገኘው ጭንቅላት ውስጥ አይደለም። 1930ዎቹ ውስጥ ቪቶሪዮ ኤርስፓመር የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከነዚህ ከኤንተሮክሮማፊን ሴሎች ጡንቻ የሚያኮማትር ነገር አወጣና ኤንተራሚን አለው። በ1948 አሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ውስጥ ራፖርት፣ ግሪንና ፔጅ ደም ስር የሚያጠብ ነገር ከደም ሴረም አጣርተው አወጡ፣ ሴሮቶኒን አሉት። ሁለቱ አንድ ሞለኪውል መሆናቸው የታወቀው በ1952 ነው። ጭንቅላት ውስጥም አለ ብላ ቤቲ ትዋሮግ ከፔጅ ጋር ያሳየችው ከዛ በኋላ በ1953 ነው። ማለትም በቅደም ተከተል አንጀት፣ ደም፣ ከዛ ነው ጭንቅላት። ስለ ስሜት የሚወራው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን አንጀት ውስጥ ምን ይፈጠራል የሚለውን ቀረብ ብለን እንየው። የተፈጨ ምግብ ሲያልፍ ግድግዳውን ይገፋል፣ ሽፋኑን ይፈትገዋል። ነርቮቹ ራሳቸው እስከ አንጀቱ ውስጠኛ ክፍተት አይደርሱም፣ ከሽፋኑ ስር ነው የሚቆሙት፣ ስለዚህ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ የሚነግራቸው ይፈልጋሉ። ኤንተሮክሮማፊን ሴሉ ነው የሚነግራቸው። ሴሉ ፒየዞ2 የሚባል ሲገፉት የሚከፈት ቻናል፣ እንደ ትንሽ በር ያለ፣ አለው፣ ሲከፈት ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፣ ካልሲየሙ ሲገባ ሴሮቶኒን የታጨቀባቸው ትናንሽ ከረጢቶች በሴሉ ስር በኩል ይዘረገፋሉ። ግፊት ብቻም አይደለም፣ የሚያቃጥል ኬሚካል ሲመጣ የሚነቃ ትሪፓ1 የሚባል ሌላ ቻናልም አለው። ሴሮቶኒኑ ከስር የቆመው የስሜት ነርቭ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ያ ነርቭ ደግሞ የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ላሉት ሌሎች ነርቮች ያስተላልፋል፣ ከምግቡ በላይ ያለው ጡንቻ አሴቲልኮሊን በሚባል የነርቭ ኬሚካል ይኮማተራል፣ ከምግቡ በታች ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ በሚባል በሌላ ኬሚካል ይላላል፣ ምግቡ ወደ ታች ይሄዳል። ይሄን ከላይ መጨበጥ ከታች መላላት ቤይሊስና ስታርሊንግ በ1899 ውሻ ላይ አይተው ጽፈውታል፣ የሚገርመው ከጭንቅላት የሚመጣው ነርቭ ቢቆረጥም አንጀቱ ብቻውን ይሰራዋል። የአንጀት ግድግዳ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ነርቮች አሉ፣ የራሱ ሲስተም ነው።

ሴሮቶኒን እንግዲህ ጥሪ በሉት፣ የሚሆነው ነገር የሚወሰነው በሰሚው ነው፣ ሰሚው ሪሴፕተር ነው። አንድ ዓይነት ሪሴፕተር ብቻ እንዳልሆነ መጀመሪያ ያሳዩት ጋደምና ፒካሬሊ ናቸው፣ በ1957፣ የጊኒ ፒግ አንጀት ላይ። ሴሮቶኒን ሲጨምሩበት ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሞርፊን ሲሰጡት ከፊሉ ብቻ ይጠፋል፣ ዳይቤንዚሊን የሚባል መድኃኒት ሲሰጡት ሌላው ከፊል ይጠፋል። ስለዚህ አንዱ ነርቩ ላይ ሌላው ጡንቻው ላይ ነው አሉ፣ ኤም እና ዲ ብለው ሰየሟቸው። ዛሬ የነርቩ 3 ቁጥር፣ የጡንቻው የ2 ቁጥር ቤተሰብ ነው የሚባለው። አሁን 7 ቤተሰቦች፣ በጠቅላላው 14 አካባቢ ሪሴፕተሮች ይታወቃሉ። ቁጥሩ የቤተሰብ መለያ ነው፣ የጥንካሬ ደረጃ አይደለም።

ለጥያቄው ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። 3 ቁጥር ከሁሉም የተለየ ነው፣ ሌሎቹ በሙሉ በሴሉ ውስጥ መልእክት እያቀባበሉ ቀስ ብለው ነው የሚሰሩት፣ እሱ ግን ራሱ ቻናል ነው፣ ሴሮቶኒን ሲነካው ወዲያው ይከፈታል፣ ነርቩ ወዲያው ይተኩሳል። ከአንጀት ወደ ጭንቅላት የሚወጣው ቬገስ ነርቭ ጫፎች ላይ አለ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ በሱ ነው የሚያልፈው። የአንጀት ግድግዳ ነርቮች ላይም አለ፣ እዛ እንቅስቃሴንና ፈሳሽ ማመንጨትን ያግዛል። 4 ቁጥር ደግሞ የነርቭ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ አሴቲልኮሊን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል፣ ራሱ አያዝም፣ ሌላው ያዘዘውን ያጎላል።

እናትሽ ጋ የሆነው እንግዲህ ይሄ ነው። እንደ ሲስፕላቲን ያሉ የኬሞ መድኃኒቶች ኤንተሮክሮማፊን ሴሎችን ይጎዱና ሴሮቶኒን በብዛት ያስለቅቋቸዋል፣ ያ የቬገስን 3 ቁጥር ይነካል፣ ጭንቅላት አስመልስ ይላል። ኦንዳንሴትሮን 3 ቁጥርን ይዘጋል፣ ማስመለሱ ይቆማል። ግን መድኃኒቱ የቬገሱን ዘግቶ የአንጀቱን አይተውም፣ ሁለቱም ጋ አንድ ሪሴፕተር ስለሆነ የአንጀቱም ይዘጋል፣ እንቅስቃሴው ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ተመጥጦ ያልቃል፣ ድርቀት ይመጣል። አንቺ ጋ በተቃራኒው ሴሮቶኒኑ በዝቶ ያንኑ 3 ቁጥር ደጋግሞ እየነካው ነው፣ ማቅለሽለሹም ማስቀመጡም የመጣው በአንድ መንገድ ነው። ሁለታችሁም የምትታከሙት የአንድ ስርዓት ሁለት ጫፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላ የማልተወው ነገር፣ ኦንዳንሴትሮን የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፣ ምክንያቱም የዛን ጊዜው ማስመለስ በሴሮቶኒን የሚነዳ ነው። ከዛ በኋላ የሚመጣው በአብዛኛው ሰብስታንስ ፒ በሚባል በሌላ ሞለኪውል ስለሆነ ለሱ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይጨመራል። ይሄን የምለው እናትሽ በሁለተኛና በሦስተኛው ቀን የሚያስመልሳት ከሆነ ኦንዳንሴትሮኑን ደጋግሞ ከመስጠት ለሐኪሞቿ መንገር ስለሚሻል ነው።

ሰሚር_ከ፦

እኔ አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት መረበሽ ያለብኝ ሰው ነኝ፣ የሚያስቀምጠው ዓይነት፣ ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ይሄን ነገር ማንም እንደዚህ ቁጭ አድርጎ አስረድቶኝ አያውቅም፣ ሁሌም ጭንቀት ነው፣ ሆድህን አታስብ ነው የሚሉኝ፣ ያ ደግሞ ያማል። ሆዴ ሲነሳ ከስብሰባ መሀል ተነስቼ የምሮጥ ሰው ነኝ፣ አዲስ ቦታ ስገባ መጀመሪያ የማየው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነው፣ ይሄ ከኬሚስትሪ ጋር የሚገናኝ መሆኑን ማወቅ ብቻውን ያሳርፋል።

ጥያቄዬ፣ 3 ቁጥርን መዝጋት የሚያደርቅ ከሆነ ለኛ ለምን አይሰጠንም? ደግሞ የሴሮቶኒን የደም ምርመራ አለ ይባላል፣ ባደርገው የኔን ነገር ያሳያል? 5-ኤችቲፒ የሚባል ሰፕልመንትስ? ጓደኛዬ ውሰድ እያለኝ ነው፣ ስሜትም ሆድም ያስተካክላል ብሎ።

ፋርማሲስት_ሄ፦

ሰሚር ወንድሜ፣ ይሰጣል። አሎሴትሮን የሚባል 3 ቁጥር የሚዘጋ መድኃኒት በየካቲት 2000 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ አይቢኤስ ለሚያስቀምጣቸው ሴቶች ተፈቀደ፣ በዛው ዓመት ወደ መጨረሻው ከገበያ ወጣ፣ ከባድ ድርቀትና የትልቁ አንጀት የደም ዝውውር መቀነስ ያመጣባቸው ሰዎች ስለነበሩ። በ2002 በጥብቅ ቁጥጥር ተመለሰ፣ ሌላው ሁሉ ያልሰራላቸው ሴቶች ብቻ እንዲወስዱት ተብሎ። ከዛ ውጪ አንዳንድ ሐኪሞች ኦንዳንሴትሮንን ራሱን በትንሽ መጠን ለሚያስቀምጠው አይቢኤስ ያዛሉ፣ ሐኪምህን መጠየቅ ትችላለህ፣ ነውር የለውም።

ለሚያደርቃቸው ደግሞ 4 ቁጥርን የሚቀሰቅሱ አሉ፣ ያሳለፉት ግን ቀላል አይደለም። ሲሳፕራይድ በጣም ይታዘዝ ነበር፣ የልብ ምት አዛብቶ ሰው ስለገደለ በ2000 አሜሪካ ውስጥ በመደበኛ መንገድ መሸጡ ቆመ። ጥፋቱ የ4 ቁጥር አልነበረም፣ መድኃኒቱ ልብ ላይ ያለ የፖታሲየም ቻናልን ስለሚዘጋ ነው። ቴጋሴሮድ በ2002 ተፈቀደ፣ በ2007 በልብና በደም ስር ስጋት ወጣ። ፕሩካሎፕራይድ 4 ቁጥርን መርጦ የሚነካ ስለሆነ ከነሱ የተሻለ ነው፣ አውሮፓ በ2009 አሜሪካ በ2018 ፈቅደውታል፣ ለረጅም ጊዜ ድርቀት ነው የሚሰጠው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው አንድ ነገር አለ፣ ሴሮቶኒን በሙሉ አካል ውስጥ ስላለ አንዱን ሪሴፕተር አጥርቶ የማይነካ መድኃኒት ሌላ ቦታ ያስከፍላል።

ምርመራው ላይ፣ ለአይቢኤስ አይጠቅምህም። የደም ሴሮቶኒን በአብዛኛው ፕሌትሌት ውስጥ ያለው ነው፣ አንጀትህ ግድግዳ ላይ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አይነግርህም። በሽንት የሚለካው 5-ኤችአይኤኤ የሚባለው የሴሮቶኒን ስብርባሪ የሚፈለገው ሌላ በሽታ ሲጠረጠር ነው፣ ካርሲኖይድ ሲንድረም፣ ሴሮቶኒን የሚያመርት ዕጢ ማለት ነው። እሱ ፊት በድንገት መቅላትና መጋል አለው፣ ሌሊት ሳይቀር የማያቋርጥ ተቅማጥ አለው፣ ቆይቶ የልብ የቀኝ በኩል ቫልቭ ይጎዳል። ዕጢው ትሪፕቶፋኑን ጠቅልሎ ስለሚበላው የኒያሲን ቫይታሚን እጥረት ድረስ ይደርሳል። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም በሽታ ነው፣ ግን እነዚህ ምልክቶች ያሉት ሰው ይመርመር።

ሰፕልመንቱን ተወው። 5-ኤችቲፒ ወደ ሴሮቶኒን ለመቀየር አንድ እርምጃ የቀረው ነገር ነው፣ የሚቀየረው ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይደለም፣ የሚያስቀምጠው ሰው ሲወስደው ይብስበታል። ናርዶስ አንቺም ስሚ፣ ከሰርትራሊን ጋር እሱን ወይም ትራማዶልን መቀላቀል ሴሮቶኒን ሲንድረም ሊያመጣ ይችላል፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ መቅበዝበዝ፣ ተቅማጥ፣ ያ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው።

አንባቢው፦

የፊዚዮሎጂ ሰው አንድ ነገር ልከራከርህ። ሴሮቶኒን ከሽፋኑ ሴል ወጥቶ እንቅስቃሴውን ያስጀምራል የሚለውን እንደ ተዘጋ ነገር ነው ያቀረብከው። አውስትራሊያ ውስጥ ኪቲንግና ስፔንሰር በ2010 ያሳተሙት አለ፣ የአይጥ ትልቁን አንጀት ወስደው የውስጥ ሽፋኑን በሙሉ ልጠው አወጡት፣ ማለት ኤንተሮክሮማፊን ሴል የለም፣ ሴሮቶኒኑ የለም፣ የአንጀቱ የመኮማተር ሞገድ ግን ቀጠለ። እሱ ብቻ አይደለም፣ የሽፋኑን ሴሮቶኒን የሚሰራው ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ምግብ በደህና ነው የሚያልፍላቸው። ታዲያ ያስጀምራል እንዴት ይባላል?

የፊዚዮሎጂ_ሰው፦

ጥሩ አነሳኸው፣ ክርክሩ እውነተኛ ነው፣ እኔም የምወደው ክፍል እሱ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኦክስፎርድ ውስጥ ኢዲት ቡልብሪንግ የጊኒ ፒግ አንጀት ውስጥ ግፊት ስትጨምር ሴሮቶኒን ሲወጣ አየች፣ ከውስጥ ሴሮቶኒን ስትጨምር ደግሞ ምግብ የሚገፋው ሪፍሌክስ ተቀሰቀሰ፣ ከዛ ወዲህ ነው ሴሮቶኒን አስጀማሪ ነው የሚለው የጸናው። አንተ የጠቀስከው ስራ የሚያሳየው አንጀት ሲወጠር ያለ ሽፋኑም መንቀሳቀስ እንደሚችል ነው፣ የግድግዳው ነርቮች ራሳቸው መወጠር ይሰማቸዋል። ስለዚህ ሴሮቶኒን የግድ የሚያስፈልግ ማብሪያ አይደለም፣ የሚያስተካክል፣ የሚያፈጥን፣ መጠን የሚሰጥ ነው ብለን ብንይዘው ይሻላል። ሽፋኑ የተላጠ አንጀት ሰሀን ላይ መንቀሳቀሱ ህይወት ያለው ሰው ውስጥ ሴሮቶኒን ስራ የለውም አያሰኝም፣ ስራ ባይኖረው ኖሮ የናርዶስ እናት ሆዷ ባልደረቀ ነበር።

ኢንዛይሙ ላይ ግን የጨመርከው ለናርዶስ ጥያቄ መልስ ይሆናል። ሴሮቶኒን የሚሰሩ ሁለት ኢንዛይሞች አሉ። ቲፒኤች1 የአንጀት ሽፋኑን ሴሮቶኒን ይሰራል፣ ቲፒኤች2 የነርቮችን ሴሮቶኒን፣ የጭንቅላትም የአንጀት ግድግዳ ነርቮችም። ሁለተኛው እንዳለ የታወቀው በ2003 ነው፣ ቲፒኤች1 የሌላቸው አይጦች አንጀታቸውና ደማቸው ውስጥ ሴሮቶኒን እንዳይኖር ሆኖ ጭንቅላታቸው ውስጥ ግን እንደወትሮው ሆኖ ሲገኝ። በኋላ ደግሞ የነርቩን ቲፒኤች2 ሲያጠፉ ነው የአይጦቹ አንጀት የዘገየው። ማለትም ከጠቅላላው በጣም ትንሹ፣ ግድግዳው ነርቭ ውስጥ ያለው፣ ለእንቅስቃሴው ከብዙው በላይ ሳይከብድ አይቀርም።

ናርዶስ፣ ሆድን ማከም ጭንቀትን ማከም ነው ወይ ላልሽው መልሱ ከዚሁ ይወጣል። የአንጀት ሴሮቶኒን ወደ ጭንቅላት አይገባም፣ ደምና ጭንቅላትን የሚለየው ግርዶሽ አያሳልፈውም። ጭንቅላት የራሱን ራሱ ነው የሚሰራው። 90 በመቶው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ደስታሽ ከሆድሽ ነው የሚመነጨው የሚለው ወሬ እዛ ላይ ይወድቃል። ግንኙነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። ግንኙነቱ በነርቭ ነው፣ በቬገስ በኩል፣ ከቬገስ ክሮች 80 በመቶ ያህሉ ከሆድ ዕቃ ወደ ጭንቅላት የሚወጡ ናቸው፣ ሆድሽ ሲረበሽ ጭንቅላትሽ ይሰማል፣ ሲጨንቅሽም ሆድሽ ይሰማል። ሰሚርን ሆድህን አታስብ ያሉት ሰዎች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ መንገዱ የሁለት አቅጣጫ መንገድ ሆኖ ሳለ የአንዱን ብቻ ነው የሚያዩት።

አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም እጃቸው አለበት። በ2015 ካሊፎርኒያ ካልቴክ ውስጥ የወጣ ጥናት ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦች ሴሮቶኒናቸው 60 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን፣ ስፖር የሚሰሩ ባክቴሪያዎችን ሲሰጧቸው ደግሞ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ባክቴሪያዎቹ የሚለቁት ነገር ኤንተሮክሮማፊን ሴሎቹን ቲፒኤች1 እንዲያበዙ ያደርጋቸዋል። አይጥ ላይ ነው ግን፣ ከዚህ ተነስቶ ለጭንቀት ፕሮባዮቲክ፣ ባክቴሪያ ያለበት ሰፕልመንት፣ ግዙ የሚሉ ሰዎችን አልከተልም።

ናርዶስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁለቴ አነበብኩት። የእናቴን ኪኒን አልነካም፣ ለሐኪሜም ደውዬ መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ቀጥዪ፣ መጠኑን ቀስ ብለን እናየዋለን ብሎኛል። የቀረኝ የእናቴ ነገር ነው። እንዲያው የሚያላላ መድኃኒት ራሴ ገዝቼ ልስጣት ወይስ ኦንዳንሴትሮኑን ትተው?

ሲስተር_ኤም፦

እህቴ፣ ካንሰር ክፍል ነው የምሰራው። ኦንዳንሴትሮኑን እንዳታስቆሚያት፣ ማስመለሱ ከተመለሰ አትበላም አትጠጣም፣ ድርቀቱም ይብሳል። የሚያላላውንም ሳትነግሪያቸው አትስጪ፣ ምክንያቱም ለህመም ሞርፊን ወይም ኮዴይን የምትወስድ ከሆነ ድርቀቱ ከሁለት አቅጣጫ ነው የሚመጣው፣ ያኔ የሚመረጠው መድኃኒትና መጠኑ ይለያል፣ ሰገራ ማበዣ ፋይበር ብቻ መስጠት ያስጨንቃታል እንጂ አይረዳትም። ውሃ ብዙ የማይቀመጥላት ከሆነ በትንሽ በትንሹ ደጋግመሽ ስጪያት፣ ከቻለች ትንሽ ትራመድ። በፊንጢጣ የሚሰጥ ነገር በራስሽ እንዳታደርጊላት፣ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ሲል ትንሽ ጭረት ኢንፌክሽን ታስገባለች። ከወጣላት ስንት ቀን እንደሆነና የምትወስዳቸውን ኪኒኖች በሙሉ ጻፊና ዛሬውኑ ክፍሉ ጋ ደውዪ፣ ሆዷ ከተነፋና ጋዝ እንኳ አልወጣ ካላት ወይም ቁርጠቱ ከጠናባት ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን አትደውዪ፣ ይዘሻት ሂጂ።